የአባቴ ታንክ በኦብሑር

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ናፍቆት፣ ስለ ሥራና በአገር ቤት ስለቀሩት ወላጆቻችን ነው። የእኔም ጽሑፍ ከእነዚሁ የራቀ አይደለም። ነገር ግን የሚነሣው ከአንዲት የፕላስቲክ ታንክ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትገረሙ ይሆናልና ታገሡኝ።

የምኖረው ከጅዳ በስተ ሰሜን ኦብሑር በሚባለው ሥፍራ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ እንደ ክንድ ተዘርግቶ ወደ የብስ የገባው እዚህ ነው፤ በዳርና በዳሩ ባለጸጎች ጀልባቸውን ያስራሉ፣ ዓርብ ዓርብ ሕፃናት ይዋኛሉ፣ እኛ ደግሞ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃቸዋለን። ከምሠራበት ቤት ጣራ ላይ ሲቆሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ፣ በ2018 ሥራው ቆሞ፣ በ2025 እንደገና የቀጠለው የጅዳ ግንብ ይታያል። እኔ ስመጣ ቆሞ ነበር። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ያን ያላለቀ ነገር እያየሁ መኪና አጥቤአለሁ። ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ ክፍሌም ከትልቁ በር አጠገብ ያለች፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የምታጉረመርም ኤሲ ያለባት ጠባብ ቤት ናት።

የአሠሪዎቼ ታላቅ ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄደ ጊዜ መዳም ክፍሉን ባዶ እንዳደርግ አዘዙኝ። ከሚጣለው ዕቃ መካከል የታንክ ሥዕል ያለበት ሣጥን አገኘሁ። ልጁ ጀምሮ የተወው መገጣጠሚያ ሞዴል ነበር። በሣጥኑ ላይ «ቲ-55 ኤ.ኤም.» የሚል ተጽፎበታል። ሌላ ታንክ ቢሆን ኖሮ ወደ ቆሻሻው ገንዳ በሄደ ነበር፤ ነገር ግን ያ «55» የሚለው ቁጥር በልጅነቴ ከጸሎት ቀጥሎ ደጋግሜ የሰማሁት ቁጥር ነው። መዳምን «ልውሰደው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁና «ለልጅህ ነው?» አሉኝ። ልጅ የለኝም፤ «አዎን» አልሁ። ይህችን ውሸት ቆይቼ ተናዝዤአታለሁ።

አባቴ የእምድብር አካባቢ ሰው ነው፤ ዛሬ እንሰቱን እየኮተኮተ በሰላም ይኖራል። በ1970 ዓ.ም. ግን የሃያ ሁለት ዓመት የታንክ ሹፌር ነበረ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ይዞ ጅጅጋን አልፎ በነበረበት፣ ኢትዮጵያም ቀድሞ ከአሜሪካ የገዛቻቸውን ታንኮች ትታ ከሶቪየት ኅብረት የመጡትን መንዳት በጀመረችበት ዘመን ማለት ነው። የሚያስደንቀው ነገር ከወዲያ በኩል የነበሩትም ታንኮች ቀደም ብለው ከዚያችው ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ቲ-54ና ቲ-55 መሆናቸው ነው። «የገዛ ወንድሙን የሚወጋ ብረት» ይል ነበር አባቴ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትለቀቅ እርሱ በዚያ አልነበረም፤ ከዚያ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ታንኩ ተመትቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከእናንተ መካከል በዚያ መንገድ፣ በካራማራ ዳገት አልፋችሁ ወደ ባሕር የወረዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ወስዶኝ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመውን የትግላችንን ሐውልት አሳይቶኛል። በኦጋዴን የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች ለማሰብ የተሠራ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ «በጣም ረጅም ነው» ብቻ አለና እጄን ይዞ ወደ አውቶቡስ ወሰደኝ። ስለ ጦርነቱ የነገረኝ ታሪክ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቃላት ያልቅ ነበር፦ «አጉራሹ ወዲያው ነው ያረፈው፤ አልተሠቃየም።»

አጉራሽ በታንክ ውስጥ ለመድፉ ጥይት የሚያቀብለው ሰው ነው። የአባቴ አጉራሽ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነበረ፤ አባቴ እንደሚለው በመዓድም ጊዜ እንደዚያው፣ ከራሱ አስቀድሞ ለሌላው የሚያጎርስ።

አሁን ስለ ታንኩ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ካልነገርኋችሁ የተቀረው አይገባችሁም። ቲ-55 እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተሠራ፣ ክብደቱ 36 ቶን፣ ሞተሩ 580 የፈረስ ጉልበት ያለው ታንክ ነው። አራት ሰዎች ይገቡበታል። ሹፌሩ ከፊት በስተ ግራ ለብቻው ይቀመጣል፤ በቀኙ ያለው ነዳጅና ጥይት ነው። በሚዞረው ራስ ውስጥ ተኳሹና አዛዡ በስተ ግራ ፊትና ኋላ ሆነው ሲቀመጡ አጉራሹ ብቻውን በስተ ቀኝ ይቆማል። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ የኋላ ክፍል በመካከላቸው ስለሚገባ አጉራሹን ከጓደኞቹ ይለየዋል።

እኔ ያገኘሁት ሞዴል ግን ይህ ታንክ አልነበረም፤ በኋላ የታደሰው ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን ታንክ ከመጣል ይልቅ ሊያዘምኑት አሰቡ። ከመድፉ በላይ በሌዘር ርቀት የሚለካ ሣጥን ጫኑበት፤ የመድፉን አፈ ሙዝ ከሙቀት በሚጠብቅ ሽፋን ጠቀለሉት፤ ጢስ የሚተኩሱ ቱቦዎች ሰኩለት፤ በጎኑ የጎማ መጋረጃ አንጠለጠሉ፤ ከሹፌሩ እግር በታችም ፈንጂ የሚከላከል ተጨማሪ ብረት አደረጉ። ከሁሉ የሚታየው ግን በራሱ ግንባር ላይ፣ ከመድፉ ግራና ቀኝ የተለጠፈው ወፍራም ጥምዝ ብረት ነው። ውስጡ የብረት ሳህኖችና ፖሊመር የተደራረቡበት ሲሆን በትከሻ የሚተኮሰውን ፀረ ታንክ ለመግታት የታሰበ ነበር። ቅርጹ ቅንድብ ስለሚመስል ወታደሮቹ በብሬዥኔቭ ቀልደው «የኢሊች ቅንድብ» ብለውታል። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ታንኩ ከ40 ቶን በላይ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ግን ከዚህ አንዱም አልነበረም።

ስለዚህ አሳቤ ግልጽ ነበረ፦ ዘመናዊውን ወደ ጥንቱ መልሼ የአባቴን ታንክ መሥራት፣ ሥዕሉንም ለሰባኛ ዓመት ልደቱ መላክ። ሞዴሉ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። ይህ የማይመች ቁጥር ለምን እንደ ተመረጠ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አሳቀኝ፤ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ ታንክ ሲሠራ ባትሪዎቹ እንዲገቡለት ብሎ የወሰነው መጠን ኖሯል። ለባትሪ ተብሎ የተቆረጠው ልክ የዓለም ሁሉ ልክ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ መድፉን ጨምሮ ዘጠኝ ሜትር የሆነው ታንክ በጠረጴዛዬ ላይ ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ አባቴም በውስጡ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ልጁ ቸኩሎ ነው የገጣጠመው። ሙጫው ላይ የጣቱ አሻራ ቀርቷል፤ አንዱ መንኮራኩር ጠሟል፤ ሰንሰለቱም እንደ ላስቲክ ተወጥሯል። ከእርሱም በተጨማሪ የፋብሪካው ስሕተት አለ፦ የታንኩ ራስ በእውነቱ የቀለጠ ብረት በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጣ ስለሆነ ገጹ ሻካራ መሆን ሲገባው፣ በሞዴሉ ላይ እንደ እንቁላል ልስልስ ነው። ቅንድቦቹ ደግሞ አስቀድመው ተጣብቀዋል።

በመጀመሪያ የጎኑን መጋረጃ አነሣሁ። መንኮራኩሮቹ ሲገለጡ ሥዕሉን በኢሞ ለአባቴ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። «አምስት ናቸው?» አለ። «አምስት ናቸው አባዬ።» «በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ?» «አለ።» «ከላይ እንደ እንጉዳይ ያለ የአየር ማስገቢያ አለው?» «የለውም።» «እንግዲያው የእኛው ነው፤ እንጉዳይ ያለው ቲ-54 ነው።» ድምፁ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ድምፅ ሆነ። ሰንሰለቱን ባየ ጊዜ ግን ተቆጣኝ፤ በዚህ ታንክ ላይ ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፍ ትንሽ መንኮራኩር ስለሌለ በመንኮራኩሮቹ ጀርባ ላይ ተኝቶ መርገብ አለበት። «እንዲህ ወጥረህ ብትነዳው ይበጠሳል፤ ማን አስተማረህ?» አለኝ። በክር እየሳብሁ፣ በሙጫ እያስያዝሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ አረገብሁት።

ቀጥሎ ራሱን አሳየሁት። ካሜራውን በቀኝ በኩል ባዞርሁ ጊዜ ዝም አለ። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ስለ ቅንድቡ የማውቀውን ሁሉ ነገርሁት፤ ምን እንደሚከላከል፣ መቼ እንደ ተጨመረ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። በመጨረሻ «አታንሣው» አለ።

«አባዬ፣ በእናንተ ጊዜ እኮ አልነበረም። ካልተነሣ ያንተ ታንክ አይሆንም፤ ውሸት ይሆናል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ቢሆንም አታንሣው።» ደኅና እደር ሳይለኝ ዘጋው።

አልገባኝም ነበር። የገባኝ መስሎኝ ግን ሽማግሌ ሰው ወዳጁን ያጣበትን ቦታ በብረት ሸፍኖ ማየት ቢፈልግ ምን ይደንቃል ብዬ ለጥቂት ቀናት ሥራውን ተውሁት። በእነዚያ ቀናት ቤተሰቡን በመካ አቅጣጫ ይዤ ወጥቼ ነበር። መካ ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሊገባባት ስለማይችል ወደ ቅድስቲቱ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የእኛን መታጠፊያ የሚያመለክት ሰሌዳ አለ። እኔ እስከማደርሳቸው ድረስ አደርሳቸዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሹፌር ይረከባቸዋል። በሰሌዳው ሥር ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አባቴ በየጥሪው «ከመካ ምን ያህል ትርቃለህ?» ይለኛል። ቆራቢ፣ በየዓመቱ በየካቲት «ለአንድ ጓደኛ ነፍስ» ብሎ መሥዋዕተ ቅዳሴ የሚያስደርግ ሰው መካን ምን አደረጋት? አንድም ቀን አልጠየቅሁትም ነበር።

ሐሙስ ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ፣ እርሱ ራሱ ደወለ። በእምድብር መብራት ጠፍቶ ነበርና ፊቱ አልታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የመጣው። እንዲህ አለኝ፦

«ወዲያው አላረፈም። ሲመታን ተኳሹና አዛዡ ሞቱ። የእኔ መስኮት ክፍት ነበረች፤ ወጣሁ። እርሱ ከውስጥ ይጠራኝ ነበር። ስሜን ነበር የሚጠራው። መክፈቻው ሳይጣመምበት አልቀረም። እሳት ነበር፤ ጥይትም ነበር፤ ሮጥሁ። ስሮጥ ነው እግሬን የቆሰልሁት እንጂ ታንኩ ውስጥ አይደለም። እናትህም ይህን አታውቅም። ያ ብረት ቢኖር ኖሮ ልጄ፣ አይመታም ነበር፤ እኔም እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆኔን ሳላውቅ በኖርሁ ነበር። ለዚህ ነው አታንሣው ያልሁህ።»

ምን እንደ መለስሁለት በትክክል አላስታውስም። ጥይቱ ይፈነዳ እንደ ነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ምንም ሊያደርግ እንደማይችል የተናገርሁ ይመስለኛል። አላቋረጠኝም። እርሱ ቀጠለና አጉራሹ «ሐጂ» ተብሎ ለመጠራት ይመኝ እንደ ነበር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በደመወዙ መካ እንደሚሄድ፣ ለአባቴም የዘምዘም ውኃ እንደሚያመጣለት ይቀልድ እንደ ነበር ነገረኝ። ከዚያ «በል አሁን ንቀለው» አለ። «እንደ ነበረው አድርገው።»

ከዘጋ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ለእርሱ አልነገርሁትም። ካሊፐሬን አንሥቼ ከሹፌሩ መውጫ እስከ አጉራሹ መውጫ ያለውን ለካሁ። ስድስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በእውነተኛው ታንክ ላይ ሁለት ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህን የለካሁት እርሱን ነጻ የሚያወጣ ቁጥር ላገኝለት ፈልጌ ነበር። አምስት ሜትር ቢሆን፣ አራት እንኳ ቢሆን፣ ጠዋት ደውዬ በነገርሁት ነበር። ሁለት ሜትር ግን ለማንም የሚነገር ቁጥር አይደለም፤ ከአልጋዬ እስከ በሬ ያለው እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ቅንድቡን መንቀል ካሰብሁት በላይ ከበደ። የፕላስቲክ ሙጫ እንደ እንጨት ሙጫ አያጣብቅም፤ ሁለቱን ገጽ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የሚነቀል ነገር የለም፤ በምላጭ መላጥ፣ በሞረድ መሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው ያለው። የግራውን በሦስት ሌሊት ጨረስሁ። የቀኙ ሥር ግን ልጁ ሙጫ አብዝቶበት ኖሮ ገጹ ተበልቶ ጎድጉዶ ተገኘ። በስቱኮ ሞላሁት፤ ደረቀና ተሰነጠቀ፤ ጠርጌ እንደገና ሞላሁት። ክብነቱን ለማግኘት ሥዕል ብቻ አልበቃኝም፤ አባቴ በስልኩ ፊት መዳፉን ጎበጥ አድርጎ «እንዲህ ነው፣ ከታች ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ከላይ ይሰፋል» እያለ አሳየኝ። አርባ ሰባት ዓመት ሳይነካው መዳፉ አልረሳውም። የእውነተኛው ብረት ውፍረት በግንባሩ በኩል ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሞዴሉ ልክ ስድስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም።

ሻካራነቱን ያገኘሁት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። ስቱኮውን በቀጭን ሙጫ አቅጥኜ ቀባሁትና ሳይደርቅ በብሩሹ ጫፍ ደበደብሁት። የብየዳውን መስመር ደግሞ በሻማ ሙቀት ከተሳበ የፕላስቲክ ክር ሠራሁ። ቀለሙ ሌላ መከራ ነበር። የኦብሑር አየር ከባሕሩ እርጥበት የተነሣ ከባድ ስለሆነ የሚረጨው ቀለም በነሐሴ ነጭ ጉም ለብሶ ይደርቃል፤ ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። በመጨረሻ ኤሲውን እስኪበርደኝ ድረስ ለቅቄ፣ በሩን በፎጣ ደፍኜ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በብሩሽ ቀባሁት። መዳም የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ሲያዩ ዝም ብለው አለፉኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ታንከኛ አልሠራሁበትም። በሣጥኑ ውስጥ አንድ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ወታደር ከነመነጽሩ ነበረ፤ በፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መውጫዎቹን እንዴት እንደማደርጋቸው ግን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ወይ ክፍት ወይ ዝግ ሆነው መጣበቅ አለባቸውና። ጥያቄውን ለብዙ ቀናት አዘገየሁት። ስጠይቀው ብዙ አላሰበም። «የእኔን ክፈታት» አለ። «የእርሱንም ክፈትለት።»

በልደቱ ቀን ሥዕሎቹን ላክሁ፦ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ። የወንድሜ ልጆች በስልኩ ዙሪያ ተሰብስበው ሲጮኹ ይሰማኛል። አባቴ መነጽሩን አስመጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። በቀኙ ግንባር ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። የሚያለቅስ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

«ግንዱ የታል?» አለኝ።

«የምን ግንድ?»

«ከኋላው የሚታሰረው ግንድ ነዋ! ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም ከሰንሰለቱ ጋር አስረህ የምትወጣበት። ያለ ግንድ ታንክ ነድቼ አላውቅም። ሣጥኑ ውስጥ የለም?»

ሣጥኑን ገለበጥሁት፤ ልጁ ጥሎት ይሁን ወይም መጀመሪያውኑ አልነበረ እንደሆነ እንጃ፣ የለም። «ነገ እፈልግለታለሁ» አልሁት። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከማጠቤ በፊት በግቢው ጥግ ባለችው ኒም ሥር ስምንት ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ ልጧ ያልተላጠ ቀጥ ያለች ጭራሮ መፈለግ ጀመርሁ።